ለመጨረሻው ወንበር የሚበራ ብርሃን

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ግድግዳ ላይ ስለሚያርፍ ብርሃን ነው። በየስብሰባው፣ በየሠርጉ፣ በየትምህርት ቤቱ የምናየው፣ አንዳንዴ ከጣሪያ ተንጠልጥሎ አንዳንዴም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያበራው ያ ትንሽ ሳጥን፣ ፕሮጀክተር የምንለው፣ ብዙ ዘመን ተሻግሮ ነው ከእኛ ዘንድ የደረሰው። እስቲ ታሪኩን ከምንጩ እንጀምርና ቀስ ብለን ወደ አገራችን አዳራሽ እንግባ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1659 ነው። አገሩ ሆላንድ። ክርስቲያን ሃይገንስ የሚባል የሠላሳ ዓመት ሊቅ አለ። ይህ ሰው በራሱ መነጽር ሰማዩን ሲቃኝ የሳተርንን ትልቋን ጨረቃ፣ ታይታንን፣ ያገኘ ነው። በፔንዱለም የሚሠራውን ሰዓትም የሠራ እሱ ነው። ታዲያ በዚያ ዓመት በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ሣለ፤ አፅም። አፅሙ በአንዱ ሥዕል ቆሟል፤ በሌላው የገዛ ራስ ቅሉን አንሥቶ በእጁ ይዟል። ሥዕሉ በመስታወት ላይ ሆኖ በፋኖስ ብርሃንና በሌንስ መካከል ሲገባ፣ ያ የጣት ቁመት የማይሞላ አፅም ግድግዳው ላይ ገዝፎ ይታያል። ኋላ የምትሐት ፋኖስ ተብሎ አውሮፓን ያዳረሰው መሣሪያ ይህ ነው። ብርሃን፣ ሥዕል፣ ሌንስ። ዛሬ በየቢሮው ያለው ፕሮጀክተር ከእነዚህ ከሦስቱ አልወጣም።

ሃይገንስ ግን በዚህ ሥራው አልኮራም። ለልጆች መጫወቻ እንጂ ለሊቅ የሚገባ ሥራ አድርጎ አልቆጠረውም። በ1662 አባቱ ኮንስታንታይን ሃይገንስ፣ የታወቀ ዲፕሎማትና ባለቅኔ፣ ፋኖሱ ፓሪስ ተልኮ በሉቭር ቤተ መንግሥት በንጉሥ ሉዊ 14ኛ ፊት እንዲታይ ፈለጉ። ልጅ አባቱን እምቢ ሊል አልደፈረም። ነገር ግን ፓሪስ ላለው ወንድሙ ለሎድዊክ በምስጢር ደብዳቤ ጻፈ። ፋኖሱ ሲደርስ ከሌንሶቹ አንዱን አውጣና እንዳይሠራ አድርገው፣ የሃይገንስ ቤተሰብ የዚህ መጫወቻ ባለቤት መሆኑ እንዳይታወቅ፣ የሚል መልእክት ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። በዚያ ዘመን ታላቅ ከሚባሉት ነገሥታት በአንዱ ፊት የሚደረግን ትርኢት ለማበላሸት ፋኖሱን መስበር፣ መብራቱን ማጥፋት አላስፈለገም። አንዲት ሌንስ ማውጣት ይበቃል። በዚህ መሣሪያ ላይ ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ይህን ያዙልኝ፤ ነገራችን ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

ዘመን ሄደ። ሻማውና የዘይቱ መብራት በጋዝ፣ ጋዙ በኤሌክትሪክ ተተካ። ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ፓሪስ ውስጥ ግራንድ ካፌ በሚባል ቤት ምድር ቤት 33 ሰዎች ከፍለው ገቡ። ኦጉስትና ሉዊ ሉሚየር የተባሉት ወንድማማቾች እያንዳንዳቸው ደቂቃ የማይሞሉ ዐሥር ፊልሞች አሳዩአቸው። ታሪክ ስለ ሥዕሉ ብዙ ያወራል። እኔ ግን ላወጋችሁ የምፈልገው ወንድማማቾቹ ከማሽናቸው ጋር ስለተጠቀሙባት አንዲት ብልቃጥ ነው። የዚያ ዘመን ፊልም በቀላሉ እሳት የሚይዝ ነበር፤ የኤሌክትሪኩ መብራት ደግሞ እንደ እቶን ይፋጃል። ስለዚህ ወንድማማቾቹ በመብራቱና በፊልሙ መካከል ውኃ የተሞላ ክብ ብልቃጥ አኖሩ። ብልቃጡ ብርሃኑን ይሰበስባል፣ ውኃው ሙቀቱን ይውጣል። ብርቱ ብርሃን ያለበት ሁሉ ብርቱ ሙቀት አለ፤ ሙቀቱን ያልተቆጣጠረ ብርሃኑን አያገኝም። ይህም እስከ ዛሬ ያልተሻረ ሕግ ነው።

ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በዘለቀ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ቤት «ሰይጣን ቤት» አለው። ሰው ሳይኖር ሰው ሲንቀሳቀስ ያየ ሕዝብ ምን ይበል? ብርሃን ብቻ መሆኑን የነገረው አልነበረም።

አሁን ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። ፊልሙ ቀረ፣ የመስታወቱም ሥዕል ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤፕሰን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ሦስት የፈሳሽ ክሪስታል ሰሌዳዎች ያሉት ፕሮጀክተር ለገበያ አቀረበ። በዚህ ዓይነቱ፣ ኤልሲዲ በሚባለው፣ ነጩ ብርሃን በመስታወቶች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተብሎ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ በየሰሌዳው ያልፋል፤ ከዚያ በፕሪዝም ተገናኝቶ በሌንሱ ይወጣል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1987፣ አሜሪካ ውስጥ በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የሚሠራው ላሪ ሆርንቤክ ሌላ መንገድ አግኝቶ ነበር። በአንዲት ቺፕ ላይ ከፀጉር ውፍረት ያነሱ መስታወቶችን ደረደረ። እያንዳንዷ መስታወት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ትዘነበላለች፤ ወደ ሌንሱ ስትዞር ብርሃን፣ ስትመለስ ጨለማ። ዲኤልፒ የምንለው ይህ ነው። በስፋት 1,024፣ በቁመት 768 ነጥብ ያለው ተራ የክፍል ፕሮጀክተር 786,432 እንዲህ ያሉ መስታወቶች ይዟል ማለት ነው። ሆርንቤክ ለዚህ ሥራው በ2015 የኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ ሳጥኑን አወቅነው። አሁን ሥራ ላይ ሲውል እንየው። እስቲ አብራችሁኝ አስቡ።

ቦታው ደብረ ብርሃን ይሁን። የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የወላጆች ስብሰባ አለ። መምህርቷ የዓመቱን ውጤት ታቀርባለች፤ ተማሪዎቿ የሠሩት አጭር ቪዲዮም ይታያል። እናቶች የቤት ሥራቸውን ትተው፣ አባቶች ከብቱን ለጎረቤት አደራ ብለው ይመጣሉ። መምህርቷ ግን 2 ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹን አስከፍታ ገብታለች። አንድ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሊያግዛት አብሯት አለ፤ ጥበቃው አባባም በሩን ከፍተው ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

መጀመሪያ ያየችው ፕሮጀክተሩን አይደለም፣ መስኮቱን ነው። የጠዋት ፀሐይ በምሥራቁ መስኮት ገብታ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ታበራዋለች። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም የለውም፤ ብርሃን እንጂ ጨለማ አይረጭም። ሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የምናየው ብርሃን ያልወደቀበት የግድግዳው ክፍል ነው። ግድግዳውን ፀሐይ ካበራችው ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፤ ግራጫ ላይ የተጻፈ ፊደል ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ መጋረጃው ተሳበ፤ መጋረጃ በሌለው መስኮት ላይ ካርቶን ተደገፈ። የፊተኛው አምፖል ጠፍቶ የኋላው በራ። ማስታወሻ የሚይዝ ወላጅ ደብተሩን ማየት አለበትና።

ሁለተኛው ሸራው ነው። የተዘጋጀ ስክሪን የለም። ግድግዳው ደግሞ በዘይት ቀለም ተቀብቶ ያብለጨልጫል፤ የሚያብለጨልጭ ገጽ የመብራቱን ነጸብራቅ መልሶ ዓይን ላይ ይጥላል። አቡጀዲ ገዝታ አምጥታለች። ተማሪው ሊሰቅለው ሲል፣ «ሁለት እጥፍ አድርገው» አለችው። ነጠላው አቡጀዲ ብርሃኑን ወደ ኋላ ያሳልፋል፤ ሲደረብ ግን ይመልሳል። ጨርቁ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ተወጥሮ ታሰረ። የላላ ጨርቅ ላይ መስመሩ ይጎብጣል፤ ሠንጠረዥ ደግሞ ጎብጦ አይነበብም።

ሦስተኛው ርቀቱ ነው። ብዙ ሰው ሥዕሉን ለማሳደግ ማሽኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። እያንዳንዱ ፕሮጀክተር ግን ከርቀቱና ከሥዕሉ ስፋት የሚገኝ የራሱ ምጣኔ አለው፤ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ምጣኔው 1.5 ከሆነ፣ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ሥዕል ለማግኘት 3.6 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ርቀቱን እጥፍ ብታደርጉት ሥዕሉ በስፋትም በቁመትም እጥፍ ይሆናል። ያው ብርሃን አራት እጥፍ ለሚሆን ገጽ ይከፈላልና ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለአንድ ምጣድ የተቦካ ሊጥ በአራት ምጣድ ሲፈስ ማለት ነው። ለመማሪያ ክፍል የሚሠሩት አብዛኞቹ 3,000 ሉመን ገደማ ብርሃን አላቸው፤ ይህ ለመካከለኛ ክፍል ይበቃል፣ ለትልቅ አዳራሽ ግን ያንሳል። መምህርቷም ሥዕሉን ከማግዘፍ ይልቅ ወንበሮቹን ወደ ፊት አስጠጋች። የሥዕሉ ቁመት አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ፣ የመጨረሻው ወንበር የዚያን ስድስት እጥፍ፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ ቢርቅ ነው ወሰኑ።

ተማሪው የማሽኑን አፍንጫ ከፍ ለማድረግ ሁለት መጻሕፍት ከሥሩ አስገባ። ሥዕሉ ወዲያው ከላይ ሰፍቶ ከታች ጠበበ።

«ቲቸር፣ ኪስቶን የሚለውን ልጫነው?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ጠረጴዛውን እናስተካክለው።»

ልክ ናት። ኪስቶን የሚባለው ማስተካከያ የተጣመመውን ሥዕል በኮምፒውተር ስሌት ያቃናል፤ ነገር ግን የሚያቃናው ከሥዕሉ ነጥቦች የተወሰኑትን ሠውቶ ነው። ፊደሉ ይደበዝዛል። ማሽኑ ከሸራው ፊት ለፊት፣ በመሐል መስመር ላይ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ማስተካከያው ብዙም አያስፈልግም፤ የቀረችውን ትንሽ ጥመት ብቻ ያቃናል። መጻሕፍቱም ሌላ ጥፋት አላቸው፤ ከሥር ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍናሉ።

አየር ካልኩ ዘንዳ ደብረ ብርሃንን የመረጥኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በብዙ ፕሮጀክተሮች ውስጥ ያለው መብራት በሜርኩሪ ትነት የሚሠራ ነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ዓይነት፣ ሲበራ በውስጡ ያለው ግፊት ከአየር ግፊት 200 ጊዜ በላይ ይደርሳል። ሙቀቱን አውጥቶ የሚያድነው ያቺ የምትጮኸው ማራገቢያ ናት። ማራገቢያዋ ግን የምታቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩ ከሳሳ ሥራዋም ይሳሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አምራቾቹ ይህን ያውቃሉና በማሽኑ ሜኑ ውስጥ «ሃይ አልቲቲዩድ» የሚል ምርጫ አስቀምጠዋል፤ ብዙዎቹም ከ1,500 ሜትር በላይ ስትሆኑ አብሩት ይላሉ። ሲበራ ማራገቢያዋ ፈጥና ትዞራለች፤ ድምፁ ይጨምራል፣ ማሽኑ ግን ይተርፋል። በደጋ አገራችን ያለ ሰው ሁሉ ይህን ምርጫ ፈልጎ ማብራት አለበት። በየቢሮው መብራቱ ያለ ዕድሜው የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይህን አለማብራት፣ ሌላው ደግሞ በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ ነው። ማጣሪያ ያለው ማሽን ከሆነ አውጥቶ አቧራውን ማራገፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ገመዱ። የድሮው ቪጂኤ ዐሥራ አምስት ቀጫጭን እግሮች አሉት፤ ሥዕል እንጂ ድምፅ አይወስድም። ኤችዲኤምአይ ሁለቱንም ይወስዳል። ቪዲዮ የሚያሳይ ሰው ቪጂኤ ይዞ ከመጣ ለድምፁ ሌላ ገመድ ያዘጋጅ። ተማሪው ኤችዲኤምአዩን ሰካ፤ ሸራው ላይ ሰማያዊ ብቻ ሆነ፣ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ይዞ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ገመዱን ይነቅላል ይሰካል። መምህርቷ ሁለት ነገር ብቻ አደረገች። በማሽኑ ላይ «ሶርስ» የሚለውን ተጭና ገመዱ የተሰካበትን ቀዳዳ መረጠች። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ»ን አብራ ተጫነችና «ዱፕሊኬት» የሚለውን ነካች። ሥዕሉ መጣ። ድምፁንም በአዳራሹ ስፒከር ሞከረች፤ የፕሮጀክተሩ የራሱ ድምፅ ለአንድ ክፍል እንጂ ለሁለት መቶ ሰው አይበቃም።

ግን አማርኛው የለም! በትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ርእሱ የላቲን ፊደልና ነጠላ ሰረዝ የተዘራበት ሆኖ ወጣ። አገራችን ውስጥ ይህን ያላየ አቅራቢ የለም። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እንዲህ ይሆናል። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩኒኮድ የተጻፈ በአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ይነበባል። መምህርቷ የአቀራረቧን ቅጂ በፒዲኤፍ አስቀምጣ በፍላሽ ይዛ ነበር። ፒዲኤፍ ፊደሉን ከነመልኩ ይዞ ይሄዳል። ከፍታው፤ ፊደሉ ተመለሰ።

አሁን ሁሉም የተሟላ ይመስላል። ከላፕቶፑ አጠገብ ለቆመ ሰው ጽሑፉ ጥርት ብሏል። መምህርቷ ግን ወደ በሩ ዞረች።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ከመጨረሻው ወንበር ይቀመጡልኝ።»

አባባ ሄደው ተቀመጡ። የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው።

«እስቲ ያንብቡልኝ።»

«ርእሱን አንብቤዋለሁ ልጄ። ከታች ያለው ግን... ይሄኛው ‹ቡ› ነው ‹ቢ›? አልለየኝም።»

የእኛን ፊደል ነገር ታውቁታላችሁ። ካዕቡ ቅጥያውን ከወገቡ ላይ ያወጣል፣ ሣልሱ ከእግሩ። በመጽሐፍ ላይ ይህ ልዩነት ግልጽ ነው፤ በደከመ ብርሃን፣ ከዘጠኝ ሜትር ርቀት ግን ያቺ ትንሽ ሰረዝ ትጠፋለች። መምህርቷ የሌንሱን ፎከስ ቀስ ብላ አዞረች። «አሁንስ አባባ?» «ተሻለ። አሁንም ግን ዓይኔን ያጨናብሰኛል።» ተመልሳ ፎንቱ ያለበትን የራሷን ኮምፒውተር ከፈተች፤ በአንድ ገጽ ላይ ያጨቀችውን ዐሥራ አራት መስመር በሦስት ገጽ ከፈለችው፣ የፊደሉን መጠን ከ18 ወደ 32 አሳደገችው፣ ፒዲኤፉንም ደግማ አወጣች። አባባ ከመጨረሻው ወንበር ሆነው ከዳር እስከ ዳር፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ያኔ ነው «በቃ፣ ተዘጋጅተናል» ያለችው።

ስብሰባው ተጀመረ። በመሐል መብራት ሄደ። ማራገቢያዋም ቀጥ አለች። የአዳራሹ ጄኔሬተር ሲነሣ ተማሪው ማሽኑን ወዲያው ሊያበራው እጁን ዘረጋ፤ መምህርቷ ያዘችው። የጋለ መብራት በውስጡ ያለው ግፊት ሳይወርድ እንደገና አይለኮስም፤ ደጋግሞ መሞከር ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ጄኔሬተርም ሲነሣ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፤ እሷም በዚያ ጊዜ ለወላጆች ጥያቄ መልስ ሰጠች። አነስተኛ ዩፒኤስ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ቢያንስ መብራቱ በሥርዓት ቀዝቅዞ እንዲጠፋ ጊዜ ይሰጣል። ስብሰባውም ሲያልቅ ገመዱን አልነቀለችም። ማጥፊያውን ተጫነች፣ ማራገቢያዋ ሥራዋን ጨርሳ ዝም እስክትል ጠበቀች፣ ከዚያ ነቀለች፣ ሌንሱን ከደነች፣ በቦርሳው አኖረች።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ጠዋት ከማሽኑ ጋር የተሠራው ሥራ አብዛኛው ወላጆቹ ሳይገቡ አልቋል። እኔ የምለው ይህንን ነው። ፕሮጀክተር የቴክኖሎጂ ነገር ብቻ አይደለም፤ የእንግዳ አቀባበል ነገር ነው። ሥራውን ትቶ የመጣን ሰው አስቀምጦ ገመድ መፈለግ፣ «ይቅርታ፣ ትንሽ ታገሡን» እያሉ ግማሽ ሰዓት ማባከን፣ ከዚያም ከኋላ የማይነበብ ሠንጠረዥ አሳይቶ «እንደምትመለከቱት» ማለት፣ ሰውን አለማክበር ነው። የመሣሪያው ድክመት ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ስለዚህ ርእሳነ መምህራን፣ የዕድርና የማኅበር ሰብሳቢዎች፣ የቢሮ ኃላፊዎች፣ ይህን ስሙኝ። ፕሮጀክተር ስትገዙ የማሽኑን ዋጋ ብቻ አትዩ። የመብራቱን መተኪያ፣ ዩፒኤሱን፣ ረጅሙን የኤችዲኤምአይ ገመድ አብራችሁ በጀት ያዙ። አቅሙ ካላችሁ በሌዘር የሚሠራውን ግዙ፤ የሜርኩሪው መብራት በጥቂት ሺህ ሰዓት ሲያልቅ የሌዘሩ 20,000 ሰዓት ያህል ይሄዳል። መመሪያውን በመሳቢያ አትቆልፉበት። አንድ ሰው አሠልጥኑ፣ ኃላፊነቱንም በስሙ ስጡት። ስብሰባ በተጠራ ቀንም አዳራሹን አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ክፈቱለት፤ እሱም ከመጨረሻው ወንበር ሰው አስቀምጦ ሳያስነብብ እንግዳ እንዳያስገባ እዘዙት።